ባዶውን የማይወጣ ጽዋ

እናቴ በዚህ ከተማ ዘመድ የላትም። አባቴን ተከትላ ከጭልጋ ጎንደር ገባች፤ እኔ አፌን ሳልፈታ እሱ ሞተ፤ እሷ ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ሽሮ እየሸጠች እዚሁ ቀረች። ዘመዷ ማኅበሯ ነበር። በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ የሰፈር ሴቶች አንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። ተረኛዋ ትደግሳለች፤ ቄሱ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ፤ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ማምሻውን ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። ጽዋው ጥቁር የሸክላ ዕቃ ነው። ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ጠላ ሞልቶ፣ በእልልታ ከቤት ቤት ይሄዳል። ቤትሽ ከገባ የሚቀጥለው ወር ያንቺ ነው፤ ማንም አይነጥቅሽም። ስታመም ደጄን የሚያንኳኩት፣ ስሞት ገላዬን የሚያጥቡት እነሱ ናቸው ትል ነበር እናቴ። እንደ ቀላል ነገር፣ በርበሬ እየቀነጠሰች።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። እዚያ አብራኝ የምትሠራው ልጅ አዳራሽ ወሰደችኝ። አዳራሽ የምንለው የጴንጤዎቹን ቤት ነው። ሄድኩ፣ ሰማሁ፣ አመንኩ። ይህን ማስረዳት አልችልም፤ ብችልም አሁን የምጽፈው እሱን አይደለም።

ሐሙስ ሐሙስ አምስት ሴቶች አንድ መሪ ይዘን እንሰበሰባለን። መሪያችን ባንክ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁ የለዘበ። መንገድ ላይ መጮህ አይወድም። ደቀ መዝሙር የሚደረገው በኑሮ ነው ይለን ነበር፤ ሳህን ስታጥቡ፣ ውሃ ስትቀዱ፣ መልስ ስትመልሱ ሰው ክርስቶስን ይይባችሁ። ስብሰባው ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ይጀመራል፤ «በዚህ ሳምንት ሕይወትሽን ማን አየው?» ተራ በተራ እንመልሳለን።

እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ ግማሽ አላውቅም። ከዚያ በፊት አፈኛ ነበርኩ፤ እናቴ ሁለቴ ሳትጣራ ከአልጋ አልነሳም። ውሃ በሳምንት አንዴ በምትመጣበት ሰፈር ሌሊት ተነስቼ ጄሪካን የምሰልፍ ሆንኩ፤ ለእኛ ብቻ አይደለም፣ ለማኅበሩ አሮጊቶችም። የማኅበሩ መሪ ሙሴ ትባላለች። የእናቴ ማኅበር ሙሴ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ትልቅ ሴት ናቸው፤ ውሃቸውን አደርስ ነበር፣ ጋቢያቸውን አጥብ ነበር፣ ማኅበሩ በሚውልበት ቤት ሁሉ ሄጄ አስተናግድ ነበር። «ሸጋ ልጅ ወጣችልሽ» ይሏታል እናቴን። «የኛዎቹ ስልካቸው ላይ ተደፍተው ይውላሉ። ይቺን ማርያም ናት የሰጠችሽ።» እናቴ አንገቷን ትሰብራለች፤ ደስ ሲላት እንደዚያ ናት። ሐሙስ ሄጄ ሰባት ሴቶች ሕይወቴን አዩ እላለሁ። መሪያችን ፈገግ ይላል።

እናቴ ታውቃለች። የመጀመሪያውን ቀን ነው የነገርኳት። ፍም እንደረገጠች ሴት ክው ብላ አየችኝ። «ምነው ልጄ፣ የኔ ማርያም ምን አደረገችሽ?» አለች። ምንም አላደረገችኝም አልኳት። አለቀሰች፤ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ በሦስተኛው እራት ስታቀርብ እንዲህ አለች፦ «አንቺም ዝም በይ፣ እኔም ዝም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

በዚያ ውል ብዙ ወራት ሄድን። ማኅበር ሲበተን ቄሱ በር ላይ ቆመው መስቀል ያሳልማሉ፤ እኔ ያኔ ጓዳ ገብቼ ሳህን አጥባለሁ። ማንም ልብ አላለም። አንድ ወር ግን የሚቀጥለው ተራ የእናቴ ሆነና ጽዋውን ሰጧት፤ እልል ተባለ፤ ታቅፋው ቆመች። ቄሱ በር ላይ ናቸው። እኔ ማስታጠቢያና ሳፋ ይዤ ወደ ጓዳ ልዞር ስል ሙሴዋ መጥተው ከእጄ ተቀበሉኝ።

«ስጪኝ ልጄ» አሉ። «የለፋሽው አንቺ፣ ሳትሳለሚ ልትቀሪ?»

በክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በፍቅር ነው እጄን ባዶ ያስቀሩት። ቄሱ መስቀሉን ወደ ግንባሬ አመጡት።

«አባ፣ እኔ አልሳለምም» አልኩ። «አዳራሽ ነው የምሄደው።»

የጮኸ የለም። ቄሱ መስቀሉን ቀስ ብለው መለሱት። ሙሴዋ ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጡት፤ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉት። እኔ ግን ያየሁት እናቴን ነው። ጽዋውን ታቅፋለች፤ መሬት ልታስቀምጠው አትችልም፣ ለሌላ ልትሰጠው አትችልም። ዳገቱን እንዲሁ ታቅፋው ወጣች። ወጉ ሴቶቹ እየዘመሩ እስከ ቤት እንዲሸኟት ነበር። የሸኘኋት እኔ ብቻ ነኝ።

እርግማንም ስድብም አልመጣም። እሱ ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር። የመጣው ትሕትና ነው። የሙሴዋን ጄሪካን ላነሳ ጎንበስ ስል፣ «ተዪው ልጄ፣ ከባድ ነው» አሉኝ። ትናንት ያልከበደ። ገበያ ላይ የማኅበሩ ሴቶች እናቴን እንደ ወትሮው ሰላም ይሏታል፤ በርበሬውን ግን ከጎኗ ካለችው ይገዛሉ።

እናቴ ድግሱን ጀመረች። መንገድ ተዘጋግቶ እህል የተወደደበት ሰሞን ነበር፤ ገብሱን ከጠዳ ሰው ልካ አስመጣች። ብቅል አበቀልን፤ ጌሾ ወቀጥኩ፤ ጋኑን በወይራ አጠንኩ። እጇ ያማታልና ከባድ ከባዱ የኔ ነው። በዓሉ ሲቃረብ ሙሴዋ አንዲት ሴት ላኩ። መልእክቱ በለሆሳስ ነበር፤ ልጅቷ ያን ዕለት ሌላ ቤት ትዋል፣ ለድግሱም እጇን አታስገባ፤ እንደዚያ ከሆነ እንመጣለን፣ ማኅበራችንም አይፈርስም። እኔ መጋረጃው ኋላ ሆኜ እሺ በይ፣ እሺ በይ እላለሁ በልቤ። አንድ ቀን ዘወር ብል ምን እሆናለሁ?

«ጌሾውን የወቀጠችው እሷ ናት» አለቻት እናቴ። «አሁን ከጋኑ ለቅሜ ላወጣው ነው?»

ሴትየዋ እንደ መሳቅ ብላ ወጣች። እናቴ ግን ይመጣሉ አለች። ጽዋው እኔ ቤት ነው፣ ያለ ጽዋ ወዴት ይሄዳሉ?

በሃያ አንድ ጠዋት ቤቱ ተጠረገ፣ ቄጤማ ተነሰነሰ፣ ከጎረቤት ወንበር ተለመነ። ድፎው በኮባ ተጠቅልሎ ተጋግሮ፣ መሶብ ሙሉ ሆኖ ተቀመጠ። እናቴ የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳ በሩ አጠገብ ሆነች። ቀትር አለፈ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነስታ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ቄሱ አሞኛል ብለው ላኩ። ከዚያ ከታችኛው መንደር እልልታ ሰማን። ሙሴዋ ቤት ነው። በኋላ እንደሰማነው ሌላ ዕቃ ገዝተው፣ አስባርከው፣ ማኅበሩን እዚያ አውለውታል። እናቴ ሰማች። «የሠርግ ነው» አለች። ሠርግ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ተነስቼ ሮጥኩ። የሮጥኩት ወደ አዳራሽ ነው፤ ልጆቹ ያን ዕለት መዝሙር ይለማመዱ ነበር። ያሰብኩት ቀላል ነገር ነው። ቤታችን ምግብ አለ፣ ሰው የለም፤ እዚህ ሰው አለ። መጥተው ቢቀመጡላት፣ ቢበሉላት፣ ወንበሩ ባዶውን ባያድር። መሪያችንን ወደ ጎን ጠርቼ ነገርኩት። በጽሞና ሰማኝ።

«ዳቦው በማርያም ስም የተጋገረ ነው?» አለ።

«ገና አልተቆረሰም።»

«ቢሆንም ዝክር ነው። በእምነት ገና ለደከሙት ሕሊና እንቅፋት ይሆናል። ግን እንጸልይላታለን፤ አንቺም ደስ ይበልሽ፣ ስለ ስሙ መሰደድ ክብር ነው።»

«የተሰደደችው እናቴ ናት» አልኩት። «እኔማ ይኸው ካንተ ጋር ቆሜያለሁ።»

ልጅቷን፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አብራኝ የምትሠራውን፣ ዞር ብዬ አየኋት። ስልኳን ነካካች። ጌታ ከማን ከማን ቤት ገብቶ እንደበላ ስንት ሐሙስ ተምረናል። መቼም የማርያም ዝክር እዚያ አልተጻፈም።

በማግስቱ ማለዳ ሙሴዋ አንዲት ሴት አስከትለው መጡ። አልተቀመጡም። እናቴ ወንበር ስታቀርብ ጉልበቴ አይታጠፍም አሉ፤ ትናንት ግን ሙሉ ቀን ተቀምጠዋል። ማኅበሩ የጥንት ዕቃውን ይፈልገዋል፣ አዲሱ ለጊዜው ነው አሉ፤ እንደ እህት ነው የመጣሁት፣ ክፉ አይሰማሽ።

እናቴ ወንበሩን መለሰች። ጽዋውን አወረደች፣ ጨርቁን ገለጠች፣ ወደ ጋኑ ሄደች።

«ተዪው፣ አትድከሚ» አሉ ሙሴዋ ፈጠን ብለው። «ባዶውን ይበቃል።»

«እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ» አለች እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ እየቀዳች። «ጽዋ ባዶውን ከቤት አይወጣም ብለውኛል። ባላገር ነበርኩ፣ አላውቅም ነበር። እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው የያዝኩት።»

እስከ አፉ ሞላችው። ጨርቁን አለበሰችው፤ ስማ ሰጠቻቸው። ሙሴዋ ተቀበሉ፤ ምን ያድርጉ? አብራቸው የመጣችው ሴት እናቴን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ተከትያቸው ወጣሁ። እናቴ አትሂጂ አለችኝ፤ አልሰማኋትም። ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ጋ፣ ቱቦው አፍ ላይ፣ ሙሴዋ ቆሙ። ግራ ቀኝ አዩ። ጨርቁን ለሴትየዋ ሰጡና ጠላውን ደፉት። አልቸኮሉም፤ እንደ ዕጣቢ ቀስ አድርገው ነው። ዕቃውን ገልብጠው ሲያራግፉ አዩኝ።

«ምን ታያለሽ?» አሉኝ።

«ሕይወትዎን ነዋ፣ እማማ» አልኳቸው።

አልገባቸውም። ለእሳቸው ብቻ ያልኩት አልነበረም።

ቤት ስገባ እናቴ ወንበሮቹን እየደራረበች ነበር። ጠጡት ወይ አለችኝ። ውሸት አፌ ጫፍ ላይ ነበረች፤ መሪያችን ሳይሆን ፀባዬ ከለከለኝ።

«ደፉት» አልኳት። «ቱቦው ላይ።»

የያዘችውን ወንበር በሌላው ላይ ደረበች። «መሬትም ይጠማዋል» አለች።

ከዚያ ድፎውን አወረደች። አንድ ቀን ያደረ ነው፤ ጠርዙ መድረቅ ጀምሯል። የዝክር ዳቦ ቄስ ሳይባርከው ቆርሳ አታውቅም። በስመ አብ አለች፣ አማተበች፣ ቢላውን እንዴት እንደምታሳርፈው ትንሽ ግራ ገባት፤ ከዚያ ቆረሰች። የመጀመሪያዋን ቁራሽ ለኔ ዘረጋች።

«ሃይማኖትሽ ካልፈቀደ ተዪው» አለች። «እኔ ግን ዝክር ብቻዬን በልቼ አላውቅም።»

ተቀብዬ በላሁ። ለማን ብዬ እንደበላሁ የሚጠይቀኝ ካለ ለእናቴ ብዬ ነው። በቂ ካልሆነ በቂ አይደለም። የተረፈውን ዳቦና ጠላ ከመንገዱ ማዶ ፎቅ ለሚሠሩት የቀን ሠራተኞች ተሸክሜ ሰጠሁ። ጠላው ሸጋ ነው አሉ፤ የምንድን ነው ብለው አልጠየቁም።

ሐሙስ ስብሰባው በዚያው ጥያቄ ተጀመረ። ተራዬ ሲደርስ የሆነውን አንድ ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ቁራሿንም ጭምር። ሲበተን መሪያችን ወደ ጎን ወስዶ ለጊዜው ከአገልግሎት አረፍ ብትዪ አለኝ፤ ስለሚወደኝ ነው የሚነግረኝ። ድምፁ እንደለዘበ ነው። አረፍኩ። ጌታን አልተውኩትም፤ እሱም እስካሁን ትቶኝ አላየሁም። ሐሙስን ግን ተውኩት።

አሁን ማኅበሩ በየወሩ ይውላል፤ ጽዋው በእኛ በር ነው የሚያልፈው፣ ሌላ መንገድ የለውም። በሃያ አንድ እናቴ ገበያ አትወጣም። ደጃፉ ላይ ሰሌን አንጥፈን በርበሬ እንቀነጥሳለን። ማምሻውን እልልታው ከታች ሲነሳ እጇን ትሰበስባለች፤ እስኪያልፍ አንገቷን አታቀናም። ሴቶቹ በአጥሩ ስንጥቅ ይታያሉ፤ ጨርቁ ነጭ ነው፤ ሙሴዋ ከፊት ናቸው፣ ያነክሳሉ። ጄሪካናቸውን ማን እንደሚያደርስላቸው አላውቅም። መዝሙሩ ዳገቱን ጨርሶ ሲጠፋ እናቴ በርበሬውን መልሳ ታነሳለች፤ እኔን ሳታይ ትናገራለች።

«እጅሽን ዓይንሽ ላይ እንዳታደርጊ፤ በርበሬ ነው።»