ባኬቱን አያጽዱብኝ

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ከግራይንደሩ በላይ ይጮኻል!» አሉኝ ጋሽ ታደሰ። ሥራ የጀመርኩበት የመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ገና ምሳ እንኳን አልደረሰም።

ጋሽ ታደሰ አዳማ ውስጥ፣ በወለንጪቲ መውጫ በኩል ያለው የብየዳ ጋራዥ ባለቤት ናቸው። የጮህኩት ደግሞ በምክንያት ነበር። ዋናው በያጅ ሰይፉ በተሰነጠቀ የሎደር ባኬት ላይ ላሜራ ሲደርብ አይቼ «ይኼ እኮ ነገ ከጎኑ ይሰነጠቃል» አልኩት። ባኬት የምንለው ሎደሩ ፊት ላይ ያለውን ትልቁን የብረት አካፋ ነው። የተቀጠርኩት ዝገት ለመፈግፈግና ቀለም ለመቀባት ነበር። ማትሪክ አልመጣልኝም፣ ቤት ቁጭ ማለትም አይሆንልኝም። እናቴ ጎረቤታችንን ጋሽ ታደሰን «ይቺን ልጅ እባክዎ አንድ ቦታ ያስገቡልኝ» ብላ ለምና ነው ያስገባችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ባኬቱ ተመልሶ መጣ። ከጎኑ ተሰንጥቋል። ሰይፉ ጭምብሉን ወደ ላይ ገፍቶ ባኬቱንም እኔንም አየና ጠመኔ ወረወረልኝ።

«እሺ ነቢይት፣ ቀጥሎ የሚሰነጠቀውን አክብቢልኝ።»

አከበብኩለት። ሥዕል የጀመርኩት በዚያች ጠመኔ ነው።

ሎደር የተሠራው አሸዋና አፈር እንዲዝቅ ነው። እኛ ጋ የሚመጡት ግን ቤትና መጋዘን የሚያፈርሱ ናቸው። ኦፕሬተሩ በባኬቱ ግድግዳ ይገፋል፣ የኮንክሪት ምሰሶ ከነፌሮው ይጎትታል፣ ሲናደድ ደግሞ እንደ መዶሻ ይቀጠቅጥበታል። ጥርሱ ይረግፋል፣ ጎኑ ይጣመማል፣ ሆዱ ይበሳል። የሰይፉ መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፦ በተበሳው ላይ ሌላ ላሜራ፣ በላሜራው ላይ ሌላ ላሜራ።

አንድ ቀን ሐጂ ኑሩ መጡ። ሐጂ የማፍረስ ሥራ የሚይዙ ኮንትራክተር ናቸው፤ ከደንበኞቻችን ሁሉ ትልቁ እሳቸው ነበሩ።

«ታደሰ» አሉ፣ «ሎደሬ ጭነት ባነሳ ቁጥር እንደ ጋሪ ፈረስ ኋላውን ማንሳት ጀምሯል። ልጓም ልግዛለት?»

እውነታቸውን ነው። ባኬቱ ላሜራ ተደራርቦበት ከመክበዱ የተነሳ የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ይለቁ ነበር። ሰይፉ ወደ ጣሪያው አየ። እኔ ሳቅሁ፤ ጋሽ ታደሰ አፈጠጡብኝ።

ያን ባኬት ዝገቱን ፈግፍጊ ተብዬ ውስጡ ገባሁ። ሆዱ እንደ መስታወት ያበራል፤ ተበልቶ ሳስቷል። የእኛ አካባቢ ብሎኬት ፑሚስ የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለበት። ፑሚስ በእጅ ሲይዙት ቀላል ነው፣ ብረት ላይ ሲንሸራተት ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ሁሉም ሰው ባኬት የሚገድለው ምት ነው ይላል፤ እዚህ ግን ምቱ የመጣው ብረቱ በፍጭት ሳስቶ ካለቀ በኋላ ነው። ማዕዘኑ ላይ ፍርስራሽ ተጠቅጥቆ ደርቋል። በመዶሻ መታሁት፤ ረገፈ። ከሥሩ ፋብሪካ የቀባው ቢጫ ቀለም አዲስ ሆኖ ወጣ።

ቁጭ ብዬ ያን ቀለም ረጅም ጊዜ አየሁት። ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ማዕዘኑን ያዳነው የተጣበቀበት ቆሻሻ ነበር።

ጋራዡ ወለል ላይ ባኬቱን በልኩ በጠመኔ ሳልኩት። ሆዱ ላይ ጠፍጣፋ ብረቶችን በጠርዛቸው አቁሜ፣ እንደ ዳማ መጫወቻ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጌ ከፋፈልኩት። ጥልቀታቸው ሁለት ጣት ያህል። ፍርስራሹ እዚያ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ በላዩ የሚያልፈው ድንጋይ ከፍርስራሹ ጋር ይፋጫል፤ ላሜራውን አያገኘውም። ወፍራም ላሜራ አያስፈልግም፤ ክብደቱም ይቀንሳል። ከካርቶን ቆርጬ ትንሽ ሠራሁና ለጋሽ ታደሰ አሳየኋቸው።

«ቆሻሻ የሚይዝ ባኬት ልትሠሪ ነው?»

«አዎ።»

«ሆን ብለሽ?»

«አዎ።»

«ሰይፉ፣ ና እስቲ ይቺን ልጅ ስማት።»

ሰይፉ ካርቶኑን ገለባበጠው። «ካበደችም ጂኦሜትሪ አውቃ ነው ያበደችው» አለ።

ሐጂ ኑሩ ነገሩ ሲነገራቸው በሳቅ ሊሞቱ ነበር። በመጨረሻ ግን ከከተማው ዳር የሚያፈርሱት አሮጌ የጥጥ መጋዘን እስኪያልቅ አንድ ሎደር ላይ እንዲሞከር ፈቀዱ። ጋሽ ታደሰ ያን ዕለት ለይተው ነገሩኝ፦ «ባኬቱ ከዘለቀ ከእንግዲህ እዚህ ቤት ሥዕሉ የአንቺ ነው። ካልዘለቀ ወደ ዝገትሽ ትመለሻለሽ፤ ሁለተኛ ጠመኔ ስትይዢ እንዳላይ።»

ብረቶቹን የቆረጥናቸው ከአሮጌ የግሬደር ምላጭ ነው። ጠንካራ ብረት ስለሆነ ቀድሞ ካልሞቀ ብየዳው ይሰነጠቃል፤ ቶሎ ከቀዘቀዘም ይሰነጠቃል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ይታወቃል። ሸራ ወጥረን፣ በጋዝ እያሞቅን፣ በይደን ስንጨርስ አመድ አልብሰነው ነው ያደረው። ሰይፉ እየበየደ እኔ ሸራውን ይዤ ነበር፤ ነፋሱ ከነሸራዬ ሊወስደኝ ሲል «ልቀቂውና ሂጂ፣ ሐዋሳ ስትደርሺ ደውዪ» ይለኛል።

ሎደሩን የሚነዱት ኦቦ ገመቹ ነበሩ። የሐጂ ትልቁ ኦፕሬተር ናቸው። ካቢን የሚገቡት ጫማቸውን አውልቀው ነው፤ ውስጡ ምንጣፍ አለ። መሪውን በጨርቅ ሳይጠርጉ ሞተር አያስነሱም። ባኬቱን አዩና «አከም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ፤ ደህና አደርሽ ልጄ። ይኼ ምንድን ነው፣ የእንቁላል ማስቀመጫ ነው?» አሉኝ። ወደድኳቸው።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሄጄ ባኬቱ ውስጥ አጎነበስኩ። ከካሬዎቹ ብዙዎቹ ባዶ ናቸው፤ ላሜራው ማብራት ጀምሯል። ልክ እንደ አሮጌው። ፍርስራሹ አልያዘም ማለት ነው። ሰይፉ «ካሬው ሰፍቶ ይሆናል» አለ። አጥብቤ እንደገና ሳልኩ። የዝገት ብሩሹን ግን ከተቀመጠበት ወጥቶ ግራይንደሩ አጠገብ ሆኖ አገኘሁት። ማን እንዳወጣው አልጠየቅሁም።

ሥራ መውጫ ላይ እንደገና ሄድኩ፤ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ሎደሩ ቆሟል፣ ባኬቱ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ኦቦ ገመቹ ባኬቱ ውስጥ በብሎኬት ላይ ቁጭ ብለው፣ እያንጎራጎሩ፣ ድጅኖ ይዘው ካሬዎቹን አንድ በአንድ ይቆፍራሉ።

«ኦቦ ገመቹ! ምን እየሠሩ ነው?»

«እያጸዳሁልሽ ነዋ!» ፊታቸው በራ። «ይኼን ሁሉ ጉድጓድ የሠራሽው እኔን ለመቅጣት ነው እንዴ? ወገቤ አለቀ። የአንቺ ሥራ ባይሆን ኖሮ ለረዳቱ እተውለት ነበር።»

«በየቀኑ ነው የሚያጸዱት?»

«በየቀኑ! እኔ ቆሻሻ ማሽን አቁሜ ቤቴ ገብቼ አላውቅም።»

«እየገደሉት ነው እኮ! ሥራዬን እየገደሉት ነው! ማን ያጽዱ አለዎት?»

ረዳቱ ሰማ። የመጋዘኑ ዘበኛም ሰማ። ኦቦ ገመቹ ማንጎራጎራቸውን አቆሙ። ድጅኖውን ቀስ ብለው አስቀመጡ፣ ወረዱ፣ እጃቸውን ጠረጉ።

«እኔ ማሽን ስነዳ አንቺ አልተወለድሽም» አሉኝ። «ነገ ሌላ ኦፕሬተር ይፈለግልሽ።»

ጋራዥ ስመለስ ወሬው ቀድሞኛል።

«ሐጂ ደውለው ነበር» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ገመቹ በዚህ ባኬት አልሠራም ብለዋል፤ ነገ ይወርዳል። ምን ብለሻቸው ነው?»

«እውነቱን።»

«እውነቱን ቀስ ብለሽ መናገር አትችይም?»

«ቀስ ብዬ ስናገር ማንም አይሰማኝም።»

«ጮክ ብለሽስ ማን ሰማሽ?» አለ ሰይፉ ከጭምብሉ ሥር።

ከዚያ ሰይፉ ራሱ፣ ሳልለምነው፣ ከአሮጌው ባኬት ማዕዘን አንድ ቁራጭ በጋዝ ቆርጦ ሰጠኝ። ግማሹ ያብረቀርቃል፣ ግማሹ ላይ ፍርስራሽ ተጋግሯል። ጠዋት በባጃጅ ጭኜ ሄድኩ። ባለባጃጁ «ይኼ ደግሞ ማን ጋ ነው የሚወርደው?» እያለ ሲቀልድ ደረስን።

ኦቦ ገመቹ ሌላ ሎደር አጠገብ ቆመው መስታወት ይወለውላሉ። ሰላምታዬን መለሱ፤ ፊታቸውን ግን አልመለሱም። ብረቱን እግራቸው ሥር አስቀምጬ መዶሻ ሰጠኋቸው።

«ይምቱልኝ።»

«ምኑን?»

«ቆሻሻውን። ትናንት ስለጮህኩብዎ እኔን ሊመቱኝ ካማረዎት ደግሞ ከዚያ በኋላ።»

ሳቃቸውን ዋጡ። መቱት። ፍርስራሹ ረገፈና ቢጫው ቀለም ወጣ። አጎንብሰው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ቀጥሎ ያለውን የሳሳውን ዳሰሱ።

«ፋብሪካ የቀባው ነው?»

«ፋብሪካ የቀባው ነው። ቆሻሻው ነው ያዳነው። ካሬዎቹን የሠራሁት ቆሻሻ እንዲይዙ ነው፤ እርስዎ ደግሞ አክብረውኝ በየቀኑ ያወጡታል።»

ቁጭ አሉ። የወጣትነታቸውን ነገሩኝ። መቂ ሲሠሩ ውኃ የነካው ፍርስራሽ ባኬቱ ውስጥ ትተው ገቡ። ሲያድር እንደ ኮንክሪት ደረቀ። አሠሪው በሰው ፊት ቀኑን ሙሉ በመዶሻ አስፈልጦአቸዋል። «ከዚያ ወዲያ ኦፕሬተር ሁሉ ‹ሲሚንቶ አስተኚው› ነበር የሚለኝ። መቂ ዛሬም ብሄድ የሚያስታውስ ይኖራል። አሁን በዚህ ነጭ ፀጉሬ ደግሜ ልሰማው?»

የአዳማን አቧራ ለማፈን ግቢው በየቀኑ ውኃ ይረጫል። ፍራቻቸው ልክ ነበር። ቆሻሻው ደርቆ ቢቀር እንኳ ካሬዎቹ ሁለት ጣት ናቸው፤ ከዚያ በላይ አይከብድም። ይኼን አስረዳኋቸው። ገባቸው፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሚቲ። ክብደቱ አይደለም። ሰው ምን ይላል?»

ያኔ ቀለም መጣልኝ። ቀለም ቀቢ አይደለሁ?

«እንካፈል» አልኳቸው። «ባኬቱ ውስጥ መስመር አሰምራለሁ። ከመስመሩ በላይ የእርስዎ ነው፣ እንደ ሳህን ያጽዱት። ከመስመሩ በታች የእኔ ነው። አይንኩብኝ።»

አሰቡበት። «ታዲያ ስምሽን ጻፊበት። የመጣ ሁሉ የማን ቆሻሻ እንደሆነ ይወቅ።»

በቀይ ቀለም፣ በትልቁ፣ ከመስመሩ በላይ ወደ ታች ከሚያመለክት ቀስት ጋር ጻፍኩት፦ «ይህ ቆሻሻ የሄለን ነው።» ኦቦ ገመቹ አንድ ጊዜ አነበቡት፤ ቀጥሎ ለረዳቱ ጮክ ብለው አነበቡለት። «ቶሌ፣ ይሁን» አሉና ጫማቸውን አውልቀው ካቢን ገቡ።

መጋዘኑ አለቀ። ሐጂ ኑሩ፣ ጋሽ ታደሰና ሰይፉ ባሉበት ባኬቱን ያጸዳሁት እኔው ነኝ፤ በዚያው በኦቦ ገመቹ ድጅኖ። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው «ማዕዘኑን ዘለልሽው! እሱስ?» እያሉ ያዙኛል። የካሬዎቹ ጠርዝ ተበልቷል፤ እሱን እንደገና መበየድ ይቻላል። የሆዱን ውፍረት ሰይፉ በካሊፐር ለካው፤ እንደገና ለካው፤ ጋሽ ታደሰን አያቸውና ትከሻውን ሰበቀ። መጀመሪያ ላይ፣ በየቀኑ ሲጸዳ ከሳሳው ወዲያ አልሳሳም።

«የቀሩትን ሎደሮቼንም በዚህ ሥሩልኝ» አሉ ሐጂ። «ጽሑፉ ግን ይቅር።»

«ጽሑፉ ከሌለ እኔ አልነዳም» አሉ ኦቦ ገመቹ።

ጽሑፉ አልቀረም። ቆይቶ ከቢሾፍቱ አንድ ሰው ጋሽ ታደሰ ጋ ደወለ። ጋሽ ታደሰ ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው፣ ትከሻቸው በሳቅ እየተንቀጠቀጠ፣ «የሄለን ቆሻሻ የሚባለው ባኬት አላችሁ ወይ እያለ ነው» አሉን። ሰይፉ መበየዱን አቁሞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ሌላም ብዙ ሠርቻለሁ። ፌሮ የሚይዝ መንጋጋ ሠራሁ፤ የመጀመሪያው ራሱን ነክሶ ተሰበረ። በቀላሉ የሚቀየር የጎን ምላጭ ሠራሁ፤ እሱ እስካሁን ይሸጣል። በዚህ ሙያ ያሉ ወይም ሊገቡ ያሰቡ ልጆች ምን እንማር ብለው ሲጠይቁኝ የምላቸው ይኼን ነው፦ ባኬት ከመሳላችሁ በፊት ሥራ መውጫ ላይ ሂዱና ኦፕሬተሩ ማሽኑን ካቆመ በኋላ ምን እንደሚያደርግ እዩ።

ባለፈው ሰኞ ጋሽ ታደሰ ዱከም አንድ የድሮ ፋብሪካ ወለል እንደሚፈርስ ነገሩኝ።

«የባኬት ሥዕል ፈልገዋል። ልኩን በስልክ ልከዋል፤ እዚሁ ቁጭ ብለሽ ሳዪው።»

«ኦፕሬተሩ ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ልኩ አለልሽ አይደል?»

ሜትሬንና ጠመኔዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። «ምሳሽንስ?» እያሉ ሲጠሩኝ መንገዱን ተሻግሬ፣ ዱከም ዱከም የሚል ሚኒባስ አስቁሜ ገባሁ።