ከፋይል ላይ የቆረጥኳቸው ክሮች

ክረምት ገብቶ የበጎ ፈቃድ ተማሪዎች ሲመደቡ ጓደኞቼ ችግኝ ተከላ ደረሳቸው። እኔ ግን የእጅ ጽሕፈቷ ያምራል ተባለና እንጅባራ ውስጥ የገበሬ የመሬት ፋይል በሚቀመጥበት አንድ መዝገብ ቤት ተመደብኩ። ደስታዬን አልደብቅም። ጭቃ ከመርገጥ መዳኔ ብቻ አይደለም። ጣራ ድረስ የተቆለለ ጽሑፍ፣ እያንዳንዱም የአንድ ሰው ጉዳይ፤ መጻፍ ለጣማት ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ድግስ አለ?

የተመደብኩት ለካይዘን ነበር፤ ጃፓኖች የሥራ ቦታን የሚያደራጁበት ዘዴ ነው። አሠልጣኙ ሦስት ቀን ሙሉ አምስቱን "ማ" አስጠናን፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ሲያስረዳ ደግሞ ያምርበታል። ባለጉዳይ ፋይሉ እስኪገኝ ግማሽ ቀን ዝናብ ላይ የሚቆመው ሠራተኛው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ዕቃው ቦታ ስለሌለው ነው አለን። የማያስፈልገውን ማውጣት፣ ለሚያስፈልገው ቦታ መስጠት። ብዙ ዘመን ያልተነካ ነገር ላይ ቀይ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ቀይ ያለበት ከጀርባ ወዳለው የቆርቆሮ መጋዘን ይወርዳል፤ ከዚያ መኪና መጥቶ ይጭነዋል።

ቀዩን ወረቀት የምለጥፈው እኔ ነበርኩ። የግቢው ዘበኛ ባለፍኩ ቁጥር ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው፣ እኔን እንዳላየሽ እለፊ፣ ከተቀመጥኩ ብዙ ዘመኔ ነው ይሉኛል።

መጀመሪያ የለጠፍኩት በመስኮቱ ሥር የነበረ ወንበር ላይ ነው። አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ፣ መቀመጫው የጎደጎደ የእንጨት ወንበር። የድሮው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከፋሲካ በፊት እስኪሞቱ ድረስ ተቀምጠውበታል። በእሳቸው ቦታ የተተኩት፣ እኔ እትዬ የምላቸው ሴት፣ ቀዩን አይተው ወንበሩ ከመውጣቱ በፊት በነጠላቸው ጫፍ መደገፊያውን ጠረጉት። የሚጣል ዕቃ ምን ያስጠርገዋል ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

ወንበሩ ሲነሳ ቀይ ቀለም በተቀባው ሲሚንቶ ላይ አራት ነጫጭ ነጥቦች ቀሩ። በኦሞ ፈተግኩ፣ በረኪና ጨመርኩበት፤ አልለቀቁም።

በሁለተኛው "ማ" ጊዜ የስቴፕለሩን፣ የመብሻውንና የማኅተሙን ዙሪያ ጠረጴዛው ላይ በቀለም ከበብን። ዕቃው ሲነሳ ቅርጹ ይቀራል፤ የጎደለው ነገር ወዲያው ይታወቃል አለ አሠልጣኙ። አባባሉ ጣመኝና ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ከዚያ ቀና ስል እነዚያ አራት ነጥቦች ታዩኝ። እነሱን ማንም በቀለም አልከበበም።

ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን የሆንኩ አይመስለኝም ነበር። ከገጠር የሚመጡት ሰዎች በበሩ አይገቡም። መስኮቱን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ ሟቹ እንዲያ አስለምደዋቸዋል። ስከፍትላቸው እኔን አያዩም፤ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወንበሩ የነበረበትን ነው የሚያዩት። ዘወር እላለሁ። ማንም የለም። አንዳንዶቹ ቆም ብለው፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ ወደ ጉሙ ተመልሰው ይገባሉ። አዲሱን ሥርዓት ስላልለመዱት ነው፣ "ማላመድ" ሲደርስ ይለምዳሉ ብዬ አለፍኩት።

በማጽዳቱ ሳምንት ደግሞ ክሮቹን አገኘሁ። ከአሮጌዎቹ ፋይሎች ብዙዎቹ በክር ታስረዋል። የጋቢ ዘርፍ፣ የመቀነት ቁራጭ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ክር፣ ባና ከሚባለው የሱፍ ልብስ የተመዘዘ ጥቁር ክር። ወረቀቱ እንዳይረግፍ ነው ብዬ አሰብኩ። ክላሰር እያለ ይሄ ሁሉ ቡትቶ! በመቀስ እየቆረጥኩ አንድ ካርቶን ሞላሁ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ወስዳ አቃጠለችው። ከፋይሎቹም መልካቸው ያረጀውን ቀይ ለጥፌ ወደ መጋዘኑ አወረድኩ። ስምንቱ ግን አምረውኝ አስቀረኋቸው። ጎንጉኜ አምባር አደረግኋቸውና እጄ ላይ አሰርኩ። አሠልጣኙ መደርደሪያዎቹን ፎቶ ሲያነሳ እጄም አብሮ ተነሣ።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት ጉሙ ግቢውን ሞልቶት ሳለ መስኮቱ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አለ። ከፈትኩ። አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ውኃ ከነጠላቸው ይንጠባጠባል። የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈትተው አንዲት ጥቁር የሱፍ ክር አወጡና በሁለት ጣታቸው ይዘው አሳዩኝ።

የፋይል ቁጥር እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። ክሯን ጠጋ አደረጓት። ካርቶኑ፣ መቀሱ፣ የተቃጠለ ክር ሽታ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ፤ ግን ገና አልገባኝም። ያን ጊዜ ነው ዓይናቸው እጄ ላይ ያረፈው።

"የባሌን ባና ማን አለበሰሽ?" አሉኝ።

እትዬ ከውስጥ ሰምተው መጡ። ከሴትዮዋ ጋር በአዊኛ ረጅም አወሩ፤ እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ አዊኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ከዚያ በአማርኛ ነገሩኝ። ሟቹ ማንበብ ለማይችል ሰው ደረሰኝ አይሰጡም ነበር። ከለበሰው ወይም ከያዘው ነገር ክር ያስመዝዙታል፤ ግማሹን ፋይሉ ላይ ያስሩታል፣ ግማሹን ለባለቤቱ ይመልሱለታል። ሰውየው ክሩን ይዞ በመስኮት ሲመጣ፣ ሳይጠይቁ ሳይጽፉ፣ ቅርብ መደርደሪያ ካሉት መሐል አይተው ያወጡለታል። ወረፋ አልነበረም።

"ታዲያ ስቆርጥ እያዩኝ፣ እትዬ?"

"አሠልጣኙ ፊት የክር ወሬ ማንሳት አፈርኩ" አሉኝ። "ኋላ ቀር የሚለን መስሎኝ።"

የሴትዮዋ ጉዳይ ይህ ነው። ባላቸው ሲሞቱ የመሬት ደብተሩ ወደ ሴትዮዋ ስም እንዲዞር ለሟቹ ሠራተኛ ሰጥተው ነበር። ከዚያ ሠራተኛውም ሞቱ። አሁን የባላቸው ወንድም ደብተር የሚባል ነገር የለም፣ የወንዙ ዳር ማሳ የእኔ ነው ብሎ ተነሥቷል። ቅዳሜ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ደብተሩን ይዘው ካልቀረቡ ማሳው ይሄዳል። ያን ዕለት ሐሙስ ነበር። መጋዘኑን የሚጭነው መኪና ደግሞ ዓርብ ጠዋት ይመጣል።

አዲሱ የፋይል ዝርዝር ላይ የባላቸውን ስም ከነአባቱ ፈለግን። በዚያው ቀበሌ አራት ሰው ወጣ። ሦስቱን ከየቦታቸው አወጣን፤ በሦስት ደቂቃ፤ ካይዘን እውነትም ይሠራል። ሦስቱም የሌላ ሰው ናቸው። በአራተኛው ስም አጠገብ ያለው "መጋዘን" የሚል ቃል ብቻ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ባማረ ጽሕፈት።

መጋዘኑ ውስጥ ፋይሎቹ እስከ ወገቤ ተከምረዋል። የላይኛውን ሽፋን ቆርቆሮው ያፈሰሰው ዝናብ አርጥቦት የስሞቹ ቀለም ፈሷል። የሟቹ ወንበር ክምሩ አናት ላይ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጧል። እንዲያ አድርጌ አላስቀመጥኩትም፤ ተሸካሚዎቹ ይሆናሉ። ሆኖም እግሬ ደፉን መሻገር እምቢ አለኝ።

ሴትዮዋ ቀድመውኝ ገቡ። ወንበሩን በሁለት እጃቸው አወረዱና መሬት ላይ አደላደሉት። ሰው እንደሚያስቀምጡ ነበር።

አንድ በአንድ እየገለጥን ወረቀት ስናነብ ሰዓቱ ሄደ። እትዬ ሻማ አምጡ አሉ፤ ዘበኛው የእጅ ባትሪ አመጡ። ያን ጊዜ ነው በባትሪው ብርሃን አንድ ነገር ያየሁት። ፋይሎቹ በአቧራና በዘመን ጠቁረዋል፤ ክር ታስሮባቸው የነበሩት ላይ ግን ክሩ በተጋደመበት ቀጭን ነጭ መስመር አለ። ወንበሩ ሲሚንቶው ላይ እንዳስቀረው ያለ ነው። ቆርጫቸዋለሁ፣ አልጠፉም።

"እማማ፣ ሟቹ ክሩን እንዴት አድርገው ነው ያሰሩት?"

"ሦስት ጊዜ ነው የጠመጠመው። መሬቴ ሦስት ቦታ ነው" አሉኝ።

ማንበብ ተውን። ነጩን መስመር ብቻ መፈለግ ጀመርን። ባለ አንድ መስመር ብዙ ነው፤ ባለ ሁለትም አለ። ባለ ሦስቱን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ በአውራ ጣታቸው ነበር የሚዳስሱት፤ ጎድጎድ ያለውን ሦስት ጊዜ ቆጥረው ፋይሉን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ደብተሩ ውስጡ ነበር። ስሙ ዞሯል። ሟቹ ሥራቸውን ጨርሰው፣ ፈርመው፣ አስረው ነው የሄዱት። የቀረው የሴትዮዋ በመስኮት መምጣት ብቻ ነበር።

ጥቁሩን ክር ከአምባሬ ፈትቼ ሰጠኋቸው። አልተቀበሉኝም። ደብተሩን ወሰዱና ፋይሉን ወደ እኔ ገፉት።

"ቦታው መልሽው" አሉ። "እኔ ስሞት ልጄ ግማሹን ይዞ ይመጣል።"

ሦስት ጊዜ ጠምጥሜ አሰርኩት። ቋጠሮው አላማረም።

መኪናው ዓርብ ባዶውን ተመለሰ። እትዬ በራሳቸው አፍ ለአሠልጣኙ ነገሩት። አላፌዘም፤ ይሄንን የሠራው ሰው ከእኔ በፊት ካይዘን ገብቶት ነበር አለና አዲሱ ዝርዝር ላይ ከስምና ከቁጥር ቀጥሎ "ክር" የሚል አምድ አስጨመረኝ። ወንበሩም ተመለሰ። አራቱ እግሮች አራቱ ነጥቦች ላይ ልክ ገቡ። ማንም አይቀመጥበትም፤ እኔም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ምን እንደፈረዱ በገበያ ቀን ዘበኛው ነገሩኝ። ማሳው የእሳቸው ሆኗል።

በጣም ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን ሙሉ አይደለም። ካርቶን ሙሉ ክር ተቃጥሏል። ግማሹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙት ሰዎች የት የት እንዳሉ አላውቅም። በጉሙ ውስጥ ምንም ሳይጠይቁ የተመለሱትን ፊታቸውን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁም።

ትምህርት ተከፍቷል። የገበያ ቀን ግን ከትምህርት በፊት መስኮቱ ጋ እሄድና የሹራቤን እጅጌ ጠቅልዬ፣ አምባሬ በውጭ እንዲታይ እጄን መስኮቱ ላይ አስቀምጣለሁ። ይበርዳል። ሰባት ክር ቀርቶኝ ነበር። አሁን አምስት ነው።