ሞተር የለመደ ጆሮ

ያ በጋ ናፍጣ የሚያመጣው መኪና እየቀረ ሰፈሩ የጨለመበት በጋ ነበር። ሙቀቱ ቤት አያስቀምጥ፤ ከሁሉ የከበደው ግን ዝምታው ነው። ሲመሽ ዱግ ዱግ ሲል የኖረው የሰፈሩ ጄኔሬተር ጸጥ ሲል፣ ሰው ሁሉ ደጁ ወጥቶ፣ አንዳች ነገር እንደጠፋበት ጆሮውን አቁሞ ይቀመጥ ነበር።

መሐንዲሷ የመጣችው ያኔ ነው። የዚያው ሰፈር ልጅ ናት፤ ተምራ ከተማ ቀርታ፣ ትንንሽ ሰፈሮች ጠብታ ናፍጣ ሳያቃጥሉ ከራሳቸው ፀሐይ በሚያገኙት መብራት እንዲኖሩ የሚያቅድ መሥሪያ ቤት ገባች። ያረፈችው ታላቅ ወንድሟ ቤት ነው። እሱ ደግሞ ሞተረኛው ነው፤ ያንን ጄኔሬተር ሲያስነሳና ሲያጠፋ ጸጉሩ የሸበተ።

«ከሥራ ልታባርሪኝ መጣሽ በይኛ!» አላት ሻንጣዋን እየተቀበለ።

«ጋሼ ደግሞ! ላሳርፍህ ነው እንጂ።»

«ለማረፉማ መቃብር አለልኝ።»

ይዛው የመጣችው ሶላር ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ተተከለ፤ ባትሪዎቹ ሞተር ቤቱ ጎን ገቡ። መሥሪያ ቤቷ ቁርጡን ነግሯታል፤ ክረምት እስኪገባ ሰፈሩ በፀሐይ ብቻ መኖር ካልቻለ፣ ሶላሩ ተነቅሎ ለሌላ ሰፈር ይሰጣል፣ ናፍጣውም ይመለሳል። ዕቅዷ የቆመው ባንድ ነገር ላይ ነበር፦ ካውያው፣ ወፍጮው፣ ብየዳው ፀሐይ በሚተርፍበት በቀትር እንዲሠራ፣ ለማታ አምፖል ብቻ እንዲቀር። ሰዉን ሰብስባ አስረዳች። ሁሉም እሺ አለ።

እሺ ብሎ ማን ይሠራል! ቀትር ላይ ወፍጮ ቤቱ ተቆልፎ ይውላል፤ ሲመሽ፣ ሞተሩ ይነሳበት በነበረው ሰዓት፣ ሁሉም ባንዴ ይነሳል። ባትሪው ራት ሳይቀርብ ድርግም። ልብስ ሰፊዋ፣ ምላሷ እንደ መቀሷ የማያርፍ ሴት፣ ለመሐንዲሷ «ጨለሜ» የሚል ስም አወጣችላት። ስሙም ተጣበቀ።

መሐንዲሷ ሰው ለወንድሟ አድልቶ ያደመባት መሰላት። ከእሱ ጋር እንኳ ዓይን ለዓይን መተያየት ተወች።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ካውያ ስታነሳ የወንድሟ ሚስት አየቻት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ቀሚሴን ልተኩስ ነዋ፣ እትዬ።»

«በምን መብራት? ሞተሩ ገና መቼ ተነሳና!» አለችና ራሷው አፏን ያዘች። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ቀድማ ሳቋን ያቆመችው መሐንዲሷ ናት። ነገሩ የገባት ያኔ ነው። እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ለሥራ የተነሱት ዱግ ዱግታውን ሲሰሙ ነው። ፀሐይ ደግሞ ድምፅ የላትም።

ማታ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ያ የተጣለው የጭስ ማውጫ ቧንቧ አለ አይደል? ሞተር ቤቱ በር ላይ ስቀለውና፣ ባትሪው ሲሞላ ምታልኝ። ሰዉ አንተን ነው የለመደው።»

«የሞተሬን መርዶ በገዛ እጄ ላሰማ?»

«እምቢ ካልክ አልቀየምህም። ሶላሩን ይዤ እሄዳለሁ፣ ሞተርህም ይመለስልሃል።»

የእውነቷን ነበር። እሱ ታጥቦ የማይለቀውን የእጁን ጥቁረት አየት አድርጎ ተነስቶ ገባ። ቧንቧውም ለጥቂት ቀን ከተጣለበት አልተነሳም።

አንድ ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊዋ መንገድ ለመንገድ፣ «ጨለሜ! ዛሬስ በስንት ሰዓት ልታጠፊብን አሰብሽ?» ስትል ሞተረኛው ሰማ። እህቱ አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ቀትር ላይ ሞተር ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ቧንቧ ጮኸ። እንደ ደወል አልመታውም፤ ልክ እንደ ሞተሩ አድርጎ፣ ዱግ ዱግ፣ ዱግ ዱግ። ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ብድግ ብላ ካውያዋን ሰካች። ወፍጮ ቤቱም ተከፈተ።

ክረምቱ ሲገባ ሶላሩን የነቀለው የለም። ጄኔሬተሩ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ ሞተረኛው ሊሸኘው አልወጣም። ደመና በዋለ ቀን ቧንቧውን አይመታም፤ ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ የተጨማደደ ልብስ ለብሶ ይታያል፤ ይሳሳቃል። ሞተረኛውን ስለ እህቱ የሚጠይቁት፣ «ጨለሜ ደህና ናት?» እያሉ ነው፤ አሁን ስሙ ቁልምጫ ሆኗል።

እሷ ሥራዋን ጨርሳ ወደ ሌላ ሰፈር ተልካለች። መጨረሻ የተሰማው፣ ከወንዙ ማዶ፣ ዓሣ አጥማጆች ባሉበት መንደር፣ ሰዉ በምን ድምፅ ለሥራ እንደሚነሳ ልትሰማ፣ ዓሣው ከሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ መቀመጧ ነው።