አባቴ የጨመራት ገጽ

ሰው እኔ ዘንድ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ መጽሐፍ ነው። «እትዬ፣ የቱን ላንብብ? የታሪኩን ወይስ የፍቅሩን?» ይሉኛል። ሁለቱንም፣ እላለሁ። ታሪክ ብቻ የሚያነብ ሰው ደረቅ ይሆናል፤ አባቴን አይቼዋለሁ። ፍቅር ብቻ የሚያስነብብ ደግሞ የየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደሆነ ግድ አይሰጠውም፤ እናቴን አይቻታለሁ። የሁለቱ ጥል ነው አንባቢ ያደረገኝ።

ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ነበርን። አባቴ ከዚያ በፊት የኬላ ጸሐፊ ነበር። ጣሊያኖች ሲመጡ «ለእነሱ ብዕር አልነክርም» ብሎ ቤት ቀረ፤ ፍየልና ማሽላ ይዞ ተቀመጠ። እኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ባል አግብቼ ሁለት ዓመት ኖሬ፣ አልስማማ ብለን ተፋተን፣ ወደ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። አንድ ወንድም አለኝ፣ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። እሱ ከማጀቴ ከተማ ማዶ ከአርበኞቹ ጋር ነበር። ለጠየቀን ሁሉ ግን «አዲስ አበባ የቀን ሥራ ሄዷል» እንላለን። ሰፈሩ በሙሉ እውነቱን ያውቃል፤ አንድም ሰው አይናገርም። ልጁ ጫካ የገባበት ቤት ይቃጠል ነበርና። ለሞተ አርበኛ ማልቀስም ያስቀጣል። የለቅሶ ድምፅ ከተሰማ ጭቃ ሹሙ መጥቶ «ማን ሞተ?» ይላል፤ ሬሳ ማሳየት ያልቻለ ቤት ጣራውን ያጣል።

በቤታችን ከዳዊቱ ሌላ ሁለት መጻሕፍት ነበሩ። አንደኛው አባቴ ራሱ ከሽማግሌ እየጠየቀ የጻፈው የይፋት ታሪክ ነው። የትኛው ሱልጣን ከየትኛው ቀጥሎ እንደገዛ፣ የትኛው ንጉሥ በየትኛው ቁልቁለት እንደወረደ፣ ሁሉም አለበት። ያገኘውን ሰው ሁሉ አንብብ ይላል። አህያ ሊዋስ የመጣ ሰው አህያውን ሳያገኝ መጽሐፉን ታቅፎ የተመለሰበት ቀን አለ።

ሁለተኛው የእናቴ ነው። በመዝገብ ወረቀት ላይ በእጅ የተገለበጠ የፍቅር ታሪክ፤ ሽፋኑ የለም፣ ማን እንደጻፈው አይታወቅም። አባቴ ከአዲስ አበባ ከአንድ ጸሐፊ ጓደኛው ተቀብሎ አምጥቶት «ተሳስቼ ነው» ሲል ኖረ። በድሮ ዘመን ከሸዋ ጦር ጋር የወረደ አንድ ጎልማሳ ይማረክና በይፋት መኳንንት ቤት ይታሰራል። የቤቱ ልጅ ውኃ ታመላልስለታለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም ይገምታል። ጎልማሳው ይፈታል፣ እንደገና ይዘምታል፣ ለዓመታት ይጠፋል፣ ሞተ ይባላል። በመጨረሻው ገጽ ከነፈረሱ ይመለስና ሠርግ ይሆናል።

እናቴ ፊደል አትለይም፤ መጽሐፉን ግን በቃሏ ታውቀዋለች። አንድ መስመር ብዘል «አለፍሽ!» ትለኛለች። ጎልማሳውን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «ልጄ» ነው የምትለው። «ልጄን ምን በላው ዛሬ? እስቲ አንብቢ» ትላለች።

የምናነበው የፈትል ደቦ ስንወጣ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሴቶቹ እንዝርትና ባዘቷቸውን ይዘው በእኛ ደጅ ዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ። የሚያነብ ሰው አይፈትልም፤ የእሱን ድርሻ ሌሎቹ ይፈትሉለታል። ስለዚህ በሰፈሩ አንድም ክር ሳልፈትል ብዙ ልቃቂት ያለኝ እኔ ነበርኩ። በዚህም ታምቼበታለሁ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ዘግይቼ ነው የሰማሁት። እናቴ የምትፈትለው ለወንድሜ ጋቢ ነው። ከጣርማ በር የሚወርደው የጣሊያን ካሚዮን ወደ ካራቆሬ ሲያልፍ አቧራው እስኪሰክን አቆማለሁ፤ እንዝርቱም አብሮ ይቆማል።

ከእናቴ ቀጥላ መጽሐፉን የምትወደው የክር ነጋዴዋ ጎረቤታችን ነበረች፤ የድሮ የይፋት እስላም ቤተሰብ ልጅ። የመኳንንቱን ልጅ ዘመዷ አድርጋታለች።

«ወላሂ ይቺ ልጅ የእኛ ወገን ናት» ትላለች። «አያቴ የተናገሩትን ነው የምትናገረው። የእናንተ ልጅ ግን ትንሽ ቀበጥ ነው፣ እትዬ።»

«ልጄን እንዳትነኪብኝ!» ትላለች እናቴ።

አባቴ ከበሩ ላይ ሆኖ ያዳምጣል። አላዳምጥም ይላል እንጂ አንድ ቃል አያመልጠውም። ጎልማሳው ጠመንጃ ሲተኩስ «በዚያ ዘመን ምን ጠመንጃ አለና!» ብሎ ይጮኻል። በየጠርዙም በቀይ ቀለም «ይህ ሐሰት ነው» ብሎ ጽፎበታል። እኔም ክፋቴ፣ የእሱን ማስታወሻ ከጽሑፉ ጋር አቀላቅዬ በዚያው ድምፅ አነባለሁ። «ጎልማሳው የልጅቱን እጅ ይዞ፣ ልቡ እየመታ፣ በዚያ ዓመት ይፋትን የሚገዛው ሌላ ሰው ነው» እላለሁ። ሴቶቹ በሳቅ ይወድቃሉ። እናቴ «አንቱ ሰውዬ፣ ይተዉልኝ!» ትላለች። እሱ ጢሙን እየጠቀለለ ወደ ፍየሎቹ ይሄዳል።

አንድ የገበያ ቀን ጎረቤታችን ከማጀቴ ገበያ ተመለሰች። እንደ ልማዷ በፊት ለፊት አልመጣችም። በጓሮ ዞራ አባቴ ወዳለበት ወደ ፍየል በረቱ ሄደች። ማሽላ እየቆረጥኩ ከሩቅ አየኋቸው። ጥቂት ነገር ነገረችው፤ አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰው ፊት መሬት ላይ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። እሷ ስትሄድ እንደተቀመጠ ደረስኩበት።

«ወንድምሽ የለም» አለኝ። «አብረውት የነበሩት ወንዝ ዳር ቀብረውታል። ቦታውን ለይቶ የነገራት የለም።»

መጮኽ አልቻልኩም። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት። እናቴ እኮ ከቤቱ ወዲያ ናት፤ እንዝርቷ ሲሾር ይሰማኛል።

መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመጣል፣ በማለዳ ነው የሚረዳው፤ ከዚያ እናት ጮኻ አልቅሳ እርሟን ታወጣለች። እርሟን ያላወጣች እናት ሐዘኑ ከሆዷ አይወጣም። እኛ ግን ሰው ብንሰበስብ ጭቃ ሹሙ ይሰማል። ደብቀን ብንነግራት ጩኸቷን ማን ይይዘዋል? አትጩኺ ብለን ብንይዛት ደግሞ በቁሟ መግደል ነው። ባንነግራት የሞተ ልጇን ጋቢ ስትፈትል ልትኖር ነው። አባቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ለእናቴ «ሆዴን አሞኛል» አላት፤ እሷም ፌጦ ወቅጣ አጠጣችው።

በሦስተኛው ቀን በረት ውስጥ ጠራኝ።

«ያ ልጅ ቢሞትስ?» አለኝ።

«የቱ ልጅ?»

«የመጽሐፉ።»

በአንድ ጠመንጃ ምክንያት ከሴት ሁሉ ጋር ሲጣላ የኖረ ሰው ነው ይህን የሚለኝ።

«ደቦው ሲሰበሰብ ታነቢላታለሽ» አለ። «ጎረቤታችን ለሴቶቹ ቀድማ ትነግራለች። ሰው ተሰብስቦ ተረዳች ማለት ነው። ለመጽሐፍ ሰው ማልቀስ ደግሞ አልተከለከለም።»

ገጹን የጻፍነው በዚያው በረት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ጽፎ የሰጠኝን አልረሳውም፤ «በዚያም ዓመት ጎልማሳው በጦርነት ሞተ። በወንዝ ዳርም ተቀበረ።» ይላል። አለቀ።

«አባዬ፣ በዚህ ማን ያለቅሳል?» አልኩት።

«ታሪክ እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

«እማዬ ታሪክ አትወድም።»

ብዕሩን እንደገና ነከረ። ከዚያ ቀና ሳይል «በልጅነቱ ከሾላ ዛፍ ወድቆ የሰበረው ጥርስ የላይኛው ነበር የታችኛው?» አለኝ። የላይኛው ነው፣ አልኩት። ጻፈው። ሲስቅ የተሰበረውን ጥርሱን በግራ እጁ ይሸፍን እንደነበር ጻፈ። ሲቆጣ ጆሮው እንደሚቀላ ጻፈ። እንቅልፍ የማይወስደው እናቱ ግንባሩን ካልዳሰሰችው እንደነበር ጻፈ፤ ይህን እኔ እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ ገጽ ሞላ። አባቴን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም። ይህን ሁሉ አይቶ፣ ይህን ሁሉ ይዞ፣ የንጉሥ ስም ሲቆጥር ነው የኖረው።

የደቦው ቀን ሴቶቹ ከወትሮው በዝተው መጡ። «ዛሬ ምን በዛችሁ?» አለች እናቴ ደስ ብሏት፣ ቦታ እየለቀቀች። ጎረቤታችን ከጎኗ ተቀመጠች። አባቴ ከበሩ ወጥቶ ቆመ። እኔ ከመጨረሻው በፊት ካለው ምዕራፍ ጀመርኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጎልማሳው ዘመተ። ጠፋ። የሚመለስበት ገጽ ላይ ስደርስ የአባቴን ገጽ አነበብኩ።

«እንዲህ አይልም» አለች እናቴ።

ቀጠልኩ።

«አንቺ! እንዲህ አይልም እኮ!»

«የተሰበረ ጥርሱን በግራ እጁ ሸፍኖ» የሚለው ላይ ደረስኩ። እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች። ሴቶቹን አየች፤ የሚሾር እንዝርት የለም። አባቴን አየችው። አባቴ ዐይኑን አላሸሸባትም፤ ይህን አመሰግነዋለሁ።

«የት ነው ያለው?» አለችኝ።

ገጹን አነበብኩላት። «ከማዶ፣ ከተራራው ሥር፣ በወንዝ ዳር፣ ጓደኞቹ ባሉበት ተቀበረ» ይላል።

«ልጄን!» አለች።

ጎረቤታችን አቀፈቻት። «አልቅሺ፣ እትዬ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ኢና ሊላሂ» አለች። ሴቶቹም ተነሡ። ደረት ተመታ፣ ሙሾ ወረደ። እኔም የያዝኩትን አፌን ለቀቅኩት።

ጭቃ ሹሙ እየሮጠ መጣ። ጣሊያን የሾመው የሰፈራችን ሰው ነው፤ ከአባቴ ጋር ከልጅነት ይተዋወቃሉ፣ ጣሊያን ከገባ ግን ሰላምታ የላቸውም።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ወላሂ ሰው አልሞተም» አለች ጎረቤታችን እንባዋን ሳትጠርግ። «መጽሐፍ ነው።»

«ምን መጽሐፍ?»

ሰጠሁት። ፊደል አይለይም፤ ገልብጦ ያዘውና ተመለከተው። ከዚያ የፈራሁትን ተናገረ። «ይኸን ታሪክ ሚስቴ ከእናንተ እየሰማች ማታ ማታ ትነግረኛለች። ልጁ ይመለሳል ነው ያለችኝ። ሠርግ አለ ነው ያለችኝ።»

አባቴ ወደ ፊት መጣ።

«ሌላ ቅጂ ተገኘ» አለ። «መጽሐፍ ሲገለበጥ ይለያያል። ትክክለኛው ይኸኛው ነው።»

ጭቃ ሹሙ አባቴን አተኩሮ አየው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ፤ ፀጉሯ ተበትኗል፣ ደረቷ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ለዚህ ለመጽሐፉ ሰው ነው?»

«ልጄ ነው» አለች እናቴ። «ሁልጊዜም ልጄ ነው የምለው። ሚስትህን ጠይቃት።»

መጽሐፉን ለእኔ መለሰልኝ። ለመሄድ ዞሮ ጥቂት እርምጃ ከተራመደ በኋላ፣ ወደ እኛ ሳያይ፣ «ለመጽሐፍ ሰውም ሠልስት አለው» አለ። «ሦስት ቀን አልቅሱ። በአራተኛው ድምፅ እንዳልሰማ።» ትንሽ ቆሞ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ሄደ። ያን ሰው እስከ ዛሬ መጥላትም መውደድም ሳልችል ቀርቻለሁ።

ሦስት ቀን አለቀስን። ክርስቲያኑም እስላሙም ንፍሮ ይዞ መጣ፤ የሚመጣው ሁሉ መጽሐፉ በተቀመጠበት መደብ ፊት እየቆመ አለቀሰ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አባቴ መጽሐፉን አንሥቶ ያቺን ገጽ ሊያወጣት ያዘ። «ሐሰት ናት» አለ። «የሌላ ሰው መጽሐፍ ነው ያበላሸሁት። ነገ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል።»

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ እጁን ያዘችው። ሦስት ቀን ጮኻ ድምፅ አልቀረላትም።

«ይተዉት» አለችው። «ወንዙን አያውቁትም፣ እኔም አላውቀውም። ልጄ የተቀበረበትን የማውቀው እዚህ ብቻ ነው።»

አባቴ ገጿን ለቀቀ። እናቴ መጽሐፉን ተቀብላ የትኛዋ ገጽ እንደሆነች ጣቷን ይዤ እንዳሳያት ለመነችኝ። አሳየኋት፤ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን እንደ ግንባር ዳሰሰችው።