ልጄ አማርኛ የለመደችበት ክረምት

የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ኮተቤ ስማር ሰዋስዉን ጥንቅቅ አድርጌ አውቀው ነበር፤ ፈተና ላይ የሚደርስብኝ አልነበረም። ሥራ በያዝኩ ሰሞን መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ፈረንጅ ወደ ሲ.ኤም.ሲ የሚሄደው የቱ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔም ወደዚያው ነበር የምሄደው። መልሱን በሆዴ አስተካክዬ እስክጨርስ ረዳቱ "ሲኤምሲ፣ ሲኤምሲ!" እያለ መጥቶ አስገባት።

ስለዚህ ልጅ ስወልድ እንደ እኔ አትሆንም አልኩ። ባለቤቴም ተስማማና ሁለታችንም በእንግሊዝኛ ብቻ እናናግራት ጀመር። ቀኑን ሙሉ ዲሹ ላይ የልጆች ፊልም ታያለች። መዋዕለ ሕፃናቷ ደግሞ ግቢ ውስጥ አማርኛ የተናገረን ልጅ ይቀጣል። አምስት ዓመት ሲሞላት እኔ አፌ ላይ የሚተሳሰርብኝን እንግሊዝኛ እሷ እንደ ውሃ ታወርደው ነበር። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን እንግሊዝኛ ነው። ጎረቤት ሲያደንቃት ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ግን አልወደዱትም። ከማዘጋጃ ቤት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ እንጦጦ ጋራ ሥር፣ ሁለት ላም ይዘው ይኖራሉ። ለፋሲካ ይዘናት ስንሄድ አጠገባቸው አስቀምጠው "ትምህርት እንዴት ነው?" ቢሏት በእንግሊዝኛ ተንጣጣች። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን አለች?"

ተረጎምኩላቸው።

"እኔና የልጅ ልጄ በአስተርጓሚ ልንነጋገር ነው?" አሉ። የቁጣ ድምፅ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ክረምት የመምህራን ሥልጠና ገባሁ፤ ሠራተኛዬም አገሬ ልግባ ብላ ወጣች። ልጅቷን የሚይዝልኝ ሲጠፋ አባቴ "አምጫት" አሉኝ። ወሰድኳት።

መጀመሪያ ላይ አልሆነም። አባቴ የፊደል ገበታ ገዝተው ነበር የጠበቋት። ጠዋት ጠዋት "ሀ በይ" ሲሏት አፏን ትዘጋለች። ውሃ በእንግሊዝኛ ስትጠይቃቸው "ውሃ ካላልሽ አልሰጥም" ቢሏት ጥማቷን ችላ ቁጭ አለች።

"ግትርነቷ ያንቺው ነው" አሉኝ በስልክ። "አሳዘነችኝና ሰጠኋት።"

መንገዱን ያገኙላት የጎረቤት ሴት ልጆች ናቸው። ዝናቡ ባባራ ቁጥር በር ላይ ሱዚ ይዘላሉ። እሷም መዝለሉን ትችላለች፤ ነገር ግን ተራዋን ሲዘሏት መከራከር አለባት፣ በእንግሊዝኛ ብትጮህ ደግሞ የሚሰማት የለም። አባቴ እንደነገሩኝ የመጀመሪያዋ ሙሉ አረፍተ ነገር "የኔ ተራ ነው!" ነበረች። "ጠ" እና "ቀ" አልወጣ ብሏት ጥጃውን "ትጃ" ትለዋለች። ልጆቹ ይስቁባታል፤ እሷም አብራቸው ትስቅና ደግማ ትሞክራለች። እኔ ብሆን ያን ቀን አፌን እንደዘጋሁ እቀር ነበር።

ሰው ሁሉ እሷን "አንቺ" ስለሚላት አያቷንም "አባባ፣ አንቺ ነይ" አለቻቸው። ወተት ሊወስዱ የመጡ ሴቶች በሳቅ ሞቱ። አባቴ ወንድ መሆናቸውን ሲያስረዷት "አንተ ና" አለች። ለትልቅ ሰው እንደዚያ አይባልም ሲሏት "እርስዎ ይምጡ" ላይ ደረሰች። ከዚያ ወዲያ ግን እንዳትሳሳት ብላ ይሁን አላውቅም፣ ሁሉንም "እርስዎ" ማለት ጀመረች፤ ጥጃውን ጭምር።

ሥልጠናው አልቆ ልወስዳት ጭቃውን እየረገጥኩ ስወጣ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

"እማዬ፣ ጫማዎን ያውልቁ፣ ጭቃ ነው" አለችኝ።

በአማርኛ አናግራኝ አታውቅም ነበር። አለቀስኩ ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ብዬ ግን ትንሽ ቆየሁ።

አባቴ ጓሮ ላም እያለቡ ነበር። ላሟ ስትቁነጠነጥ "ዌይት! ዌይት!" ሲሏት ሰማሁ።

"እርስዎም እንግሊዝኛ ለመዱ?" አልኳቸው።

"ምን ላድርግ፣ ስትለኝ ከረመች እኮ።"

"እንዴት አድርገው አስለመዷት?"

"እኔ ያስተማርኳትማ አንዱም አልገባላትም። ከልጆቹ ጋር ስትጣላ ነው የለመደችው" አሉኝ።

ትምህርት በተከፈተ ሳምንት ልጄ ግቢ ውስጥ አማርኛ ስትናገር ተገኝታ ተቀጣች። ባለቤቴ ሄዶ ቢነጋገርም ደንቡ አልተለወጠም። እሷ ራሷ መላ አበጀችለት፦ ከትምህርት ቤቱ በር ወዲያ እንግሊዝኛ፣ ከበሩ ወዲህ አማርኛ። እኛም ቤት ውስጥ እንደ ልባችን ማውራት ጀመርን።

እኔ ክፍሌ ስገባ ሰዋስዉን ቀነስ አድርጌ ተማሪዎቼን ጥንድ ጥንድ አስቀምጬ አከራክራለሁ። ይሳሳታሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይንጫጫሉ። ርዕሰ መምህሩ አንዳንዴ በሩን ከፈት አድርገው ምን ተፈጠረ ይሉኛል። "እንግሊዝኛ እየተማርን ነው" እላቸዋለሁ።