ፊት የምትበደረው ሠዓሊ

የታላይቤክ የአርባ ቀን ዱዓ ዕለት ከበረቱ ጀርባ ኩበት ታቅፌ ስመለስ፣ የመስጊዳችን መሪ ኑርማት ሙላ ከልቅሶው ቤት ደጃፍ ጎንበስ ብሎ አየሁት። በረዶ ይጥላል። በደጁ የተከመረው የእንግዳ ጫማ ሁሉ ነጭ ለብሷል። ሙላው ግራ ቀኙን ቃኘና ከክምሩ ውስጥ አንድ ያረጀ የላስቲክ ጫማ ፈልጎ አወጣ። በረዶውን በእጅጌው ጠረገለት። ከዚያ ጫፉን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ፣ ከደረጃው ሥር ለብቻቸው አስቀመጣቸው። እኔን ሳያየኝ ወደ ውስጥ ገባ።

ጫማው የታላይቤክ እናት የዙራካን ነበር። ዓይኗ ስለከዳት፣ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር የራሷን ከሌላው ለመለየት በእጇ ስትዳብስ መንደሩ ሁሉ ያያታል። ከእንግዲህ በመንደራችን በቴሬክሱ መቃብር ላይ የሰው ፊት አይሣልም ብሎ ሽማግሌዎቹን ያሳመነው ግን ይኸው ሙላ ነው።

ዙራካን ዕድሜዋን የፈጀችው ደግሞ የሙታንን ፊት በመሣል ነው።

ልጅ ሳለች በምድጃ ከሰል የቤቱን ግድግዳ አበላሽታ ተገርፋለች። በኋላ እጇን ያየ አስተማሪ ለአባቷ ነግሮላት ፍሩንዜ ከተማ ሥዕል ትምህርት ቤት ገባች። በሁለተኛው ዓመት አባቷ ከፈረስ ወድቆ ሞተ፤ እናቷን የሚያይ ሰው አልነበረምና ተመለሰች። ኮልሆዙ፣ የመንደሩ የጋራ እርሻ፣ መሰላልና ቀይ ቀለም ሰጣት። መፈክር ጻፈች፤ በክለቡ ግድግዳም ላም የሚያልቡ ሴቶችን ሣለች። ኮልሆዙ ሲፈርስ ክለቡ የድርቆሽ ማከማቻ ሆነ። በጎች ግድግዳውን እየታከኩ ሴቶቹን ፍቀው ጨረሷቸው፤ ላሟ ብቻ ቀረች። ዙራካን ይህን ስታወራ ትስቅ ነበር፤ ሳቋ ግን ቶሎ ያልቅ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የጥፍር ያህል የፓስፖርት ፎቶግራፍ ይዛ መጣች። "አሳድጊልኝ፤ መቃብሩ ላይ ይሁንለት" አለቻት። ዙራካን ከጣሪያ የተረፈ ቆርቆሮ እንደ እንቁላል ቅርጽ ቆረጠች፤ በዘይት ቀለም ሣለችው። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮውና ልቅሶው አልለያት አለ። ክፍያው የበግ ብልት ነው፣ ድንች ነው፣ አንዳንዴም ምርቃት ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ሴት በቀብር ቀን ወደ መቃብሩ ጉብታ አትወጣም። ሥዕሎቿን ወንዶች እየተሸከሙ ይወስዱባታል፤ እሷ ከመንገድ ማዶ ቆማ ፀሐይ ስታርፍባቸው ታያቸዋለች።

ፎቶግራፍ የሌለው ሟች ሲመጣ ፊት ትበደራለች። ግንባሩን ከወንድሙ፣ አፉን ከሴት ልጁ፣ መጨማደዱንና ሽበቱን ደግሞ ከእኩያው ትወስዳለች። "ወንድም ዘር ያሳያል፤ ዕድሜን ግን እኩያ ነው የሚያውቀው" ትል ነበር። አበዳሪ ማግኘት ግን ከባድ ነው። ለሙት የተሰጠ ፊት ባለቤቱን ይጠራል ብለው ሰዎች ይፈራሉ። እሺ ያለው ሰው እንኳ ከመስኮቷ አጠገብ ሲቀመጥ ላብ ያጠምቀዋል።

የማትፈራት ጎረቤቷ ሶኑን ብቻ ነበረች፤ ኤጄ፣ ታላቅ እህቴ፣ እያለች ትቀልድባታለች።

"ዙራካን ኤጄ፣ የኔን ሰውዬ ስትሥይው አፍንጫውን ትንሽ አሳጥሪለት፣ እሺ?"

"ኧረ አንቺ፣ ሰውዬሽ'ኮ አልሞተም።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ወረፋ ልያዝ ብዬ ነው።"

ባልየው ከአጥሩ ወዲያ፣ "ሰምቻለሁ! አንቺን ሳልቀብር አልሞትም፤ እልህ ይዞኛል!" ብሎ ይጮኻል። ዙራካን ብሩሿን ጥርሷ መሐል ነክሳ ትስቃለች። ያ ሁሉ ታላይቤክ በሕይወት ሳለ ነበር።

ታላይቤክ አንድ ልጇ ነው። ከወታደር ቤት እንደተመለሰ ለሥራ ሞስኮ ሄደ። እዚያ የመኖሪያ ወረቀቱ ተበላሸበት፤ ከወጣ ተመልሶ መግባት አይችልምና ሳይመጣ ዓመት ዓመትን ወለደ። ስልክ ይደውላል፤ ሁላችን እንደምንላት አፓ፣ እናቴ፣ ይላታል፤ ፊቱን ግን አያሳይም።

"ካሜራው ተበላሽቷል፣ አፓ።"

"ባለፈው አዲስ ገዛሁ አላልከኝም?"

"የአዲሱም ተበላሸ።"

"በዚያ ሁሉ አገር አንድ ደህና ካሜራ ጠፋ? ጥርስህን ነው ያጣኸው ወይስ አግብተህ ደብቀኸኛል?"

እሱ ይስቃል። ድምፁ በየዓመቱ እየጎረነነ ሄደ። እሷ ጋ ያለው ፊት ግን ያው የወታደር ቤቱ ፎቶግራፍ ነው፤ ጆሮው የተገተረ፣ ጢም ያላበቀለ ልጅ።

በመጨረሻ የመጣው በታሸገ ሣጥን ነው። ተኝቶ ሳለ ልቡ ቆመ አሉ። መንገዱ ረጅም ስለነበር ሙላው እንዳይከፈት ከለከለ። ዙራካን ሣጥኑን በእጇ ዳበሰችው፤ ብረቱ ይቀዘቅዛል። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ቀለሟን አወጣች፤ ያንን የወታደር ቤት ፎቶግራፍ አሳድጋ ሣለችና ለልቅሶ በተተከለው የጨርቅ ቤት ውስጥ ሰቀለችው።

ስህተቷ ይህ ነበር። የታላይቤክ እኩዮች ከማዶ ሸለቆ በፈረስ መጡ። እንደ ወጉ ከሩቅ ጀምረው "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ እየጮኹ ገቡ። ሽበት የወረራቸው፣ ጀርባቸው የጎበጠ ወንዶች ናቸው። ሥዕሉ ፊት ሲደርሱ ጩኸታቸውን አቋርጠው እርስ በርስ ተያዩ። ከሩቅ የመጣ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቱን በክንዱ ነካ አድርጎ፣ "የማን ሕፃን ነው የሞተው?" ብሎ ጠየቀ።

ዙራካን ከሴቶቹ ጋር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እያለቀሰች ነበር። ሰማችው። ሙሾዋ መሐል ላይ ተቆረጠ፤ ሶኑን ተቀብላ ጨረሰችላት። እንግዳው ሲሸኝ ሥዕሉን አወረደችው።

ከዚያ ወዲህ ልጇን ልታስረጀው ሞክራለች። ሽበት ስትጨምርበት ባሏ ይመጣባታል፤ ሽበቱን ስትፍቀው የማታውቀው ሰው ይመጣል። ናሪን ከተማ ያለው ሐኪም ደግሞ የዓይኗ ብርሃን ከሄደ እንደማይመለስ ነግሯታል። አሁን የሚታያት በቀን ብርሃን፣ ከመስኮቱ ሥር፣ በቅርብ ያለ ነገር ብቻ ነው። የልጇን ፊት አንዴ ሳታየው እንዳይጨልምባት፣ ጭንቀቷ ይኸው ነው።

በዱዓው ዕለት እንግዳው ከሄደ በኋላ ሙላው ቀረ። እኔ ምድጃው ሥር ኩበት እጨምር ነበር።

"አፓ፣ ተቀይመውኛል?"

"ተቀይሜሃለሁ።"

"ልክ ነዎት።"

"ሻይህን ጠጣ። ተቀየምኩህ እንጂ ሻይ አልከለከልኩህም።"

ጠጣ። ቆይቶ፣ "ድንጋዩ ላይ ስሙና ዱዓ ይበቃዋል ብዬ ነው። ለእርሱም የሚጠቅመው እሱ ነው" አላት።

"የድንጋዩን ነገር ትቼልሃለሁ። ስሙን ጻፍለት" አለች ዙራካን። "እኔ ግን ልጄን አላውቀውም። በአኺራ፣ በወዲያኛው ዓለም፣ እንገናኛለን ትለኝ የለ? እኔ እዚያ ቆሜ አንድ ወጣት ስፈልግ፣ አንድ ሽበታም ሰውዬ በአጠገቤ ቢያልፍስ?"

"እሱ ያውቅዎታል፣ አፓ።"

"እኔስ?"

ሙላው ዓይኑን ወደ ሲኒው ዝቅ አደረገ። ሻዩ እጁ ላይ ቀዘቀዘ። አላህ ይስጠው፣ የማያውቀውን አውቃለሁ የሚል ሰው አይደለም። ሲነሳ መስኮቱን አየት አድርጎ፣ "ይሄ መስኮት ጠዋት ጠዋት ጥሩ ብርሃን ያስገባል" አለ፤ ስለ አየሩ የሚያወራ ይመስል ነበር። "ፊት ሰውን ይጠራል የሚሉትም ወሬ ነው። በሃይማኖታችን የለም።" ያን ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ወጣ። እሷም እስከ ደጁ ሸኘችው፤ ጫማዋን ሳትዳብስ እግሯን ስትሰድ ገባላት። ቆም አለች።

ስትመለስ ወደ ምድጃው መጣች።

"አንተ ነህ ያለኸው?"

"እኔ ነኝ፣ አፓ።"

"ከታላይቤክ ጋር በአንድ ጸደይ ነው የተወለዳችሁት። በአንድ ቀን ነው ያስገረዝናችሁ። አንተ ስታለቅስ እሱ ይስቅብህ ነበር።"

"እሱም ወዲያው አለቀሰ እኮ።"

"አለቀሰ፤ እውነትህን ነው።" ፈገግ ልትል ነበር። እጇን ዘርግታ ጉንጬን ነካችው፤ ጣቷ የቀለም ዘይት ይሸታል። በዓይኔ ጥግ ያለውን መጨማደድ በጣቷ ተከትላ ወረደች። "ሸብተሃል?"

"ሸብቻለሁ። መሐል አናቴም እየተመለጠ ነው።"

"የሱም አባት እንደዚያ ነበር።" እጇን ከፊቴ ሳታነሳ ቀጠለች። "ሚስትህ ትፈራ ይሆናል፣ አልፈርድባትም። እምቢ ብትለኝም ኩበቱን ታመጣልኛለህ፣ አውቃለሁ። ግን ልጠይቅህ፤ ነገ ጠዋት መጥተህ መስኮቱ ሥር ትቀመጥልኛለህ?"