የይታይሽ የወፍ ደብተር

መስቀል አልፎ፣ ባለፈው ሳምንት፣ ፍኖተ ሰላም እኛ ሰፈር ያለው መዋዕለ ሕፃናት ጠራኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አልፎ አልፎ ይጠሩኛል፤ ልጆቹን ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አስቀምጬ ስለ ወፎች ኑሮ አወራላቸዋለሁ። ያን ቀን ከልጆቹ ጋር ዛፉ ሥር ስንደርስ ከተንጠለጠሉት የወፍ ጎጆዎች ሁለቱ ተበጣጥሰው መሬት ላይ ወድቀዋል። ወጣቷ አስተማሪ ግቢ የሚጠርጉትን ዘበኛ ከላይ እስከ ታች ገረመመቻቸውና፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ "ጋሼ፣ መጥረጊያዎ ረጅም ነው መቼም!" አለቻቸው። ሽማግሌው ደነገጡ። እኔ ከሳቸው ብሶ ደነገጥኩ፤ ያ አነጋገር በወጣትነቴ የራሴ ነበር።

ሃያኛ ዓመቴን ገና መያዜ ነበር፣ ከቡሬ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር አንደኛ ክፍል እንዳስተምር ስመደብ። ክረምቱ ወጥቷል፣ መንገዱ ግን ጭቃውን ገና አልለቀቀም። በግራ በቀኝ በቆሎ ቆሟል፣ እሸቱ ደርሷል። በደረስኩበት ቤት ሁሉ የተጠበሰ እሸት ይሰጡኛል፤ ይሰጡኝና ስበላ ያዩኛል። ሰው ሲበላ እንዲያ አይታይም።

ምክንያት አላጡም። መሬት ለግብር ሊለካ ነው የሚል ወሬ በአገሩ ይናፈስ ነበር፤ እርሳስ የያዘ እንግዳ ሁሉ ለኪ ነው። እኔ ደግሞ እርሳስ መያዝ አንሶኝ ወፍ ማስቆጠር ጀመርኩ።

ከትምህርት ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ጅረቱ ዳር፣ አያ ደረሰ የሚባሉ ገበሬ ማሳ ድንበር ላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ቢጫ ወፎች ጎጆ ይሠሩበታል። ወንዱ የበቆሎ ቅጠል በምንቃሩ ሰንጥቆ ያመጣና ቅርንጫፉ ላይ ሲሸምን ይውላል። ሴቷ መጥታ ገብታ ታያለች፤ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። እሱም የደከመበትን ቤት በገዛ ምንቃሩ በጣጥሶ ይጥልና እንደገና ይጀምራል። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ "ወይ ሞኝ!" ብለው ሳቁ። ፊደል ገና ስላልለዩ ዘዴ አበጀሁላቸው፦ ወፉ ቅጠል ሲያመጣ ቀጥ ያለ መስመር፣ ሲያፈርስ የተጋደመ መስመር።

ከሁሉ የምትበልጠው ይታይሽ ነበረች፣ የአያ ደረሰ ልጅ። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷ ያስመዘገቧት በብዙ ልመና፣ "እስቲ እናያለን" ብለው ነው። እንዳሉትም ያዩ ነበር።

አንድ ቀን ማሳቸው ዳር ቆመው፣ "መምህርት፣ ወፍ ለሚቆጥር ሰው ደመወዝ ይቆረጥለታል?" አሉኝ።

"ልጆቹ የወፍን ኑሮ እንዲያውቁ ነው፣ አያ ደረሰ።"

"ተዉ እንጂ! ወፍ የሚበዛ እህል ባማረበት ማሳ ነው። የወፉን ቁጥር የያዘ የእህሉን ያዘ። የእህሉን የያዘ ደግሞ..." ብለው ሳይጨርሱ ሳቁ።

ሳቃቸውን አልወደድኩትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም እሳቸውን መጠበቅ ያዝኩ። ማጭድ ይዘው ባለፉ ቁጥር ዓይኔ ይከተላቸዋል። ወፎቹ የበቆሏቸውን ቅጠል ሲተለትሉ እያየሁ፣ እኚህ ሰው አንድ ቀን ጎጆዎቹን ማራገፋቸው አይቀርም እል ነበር።

በጥቅምት አንድ ማለዳ ልጆቹን አስከትዬ ስወርድ ሦስት ጎጆ ተበጣጥሶ መሬት ላይ ወድቋል። አያ ደረሰ ማጭድ በእጃቸው ይዘው ከዛፉ ሥር ቆመዋል። ደሜ ፈላ።

"ሕፃናት ሲጠብቁት የከረሙትን ጎጆ በማጭድ ማራገፍ ነውር አይደለም?" አልኩ ጮክ ብዬ።

"እትዬ፣ ወፉ እኮ..." የሚል ቀጭን ድምፅ ከወደ ጅረቱ ሰማሁ። "ዝም በይ!" አልኩ ዞር ሳልል።

አያ ደረሰ ማጭዳቸውን አዩት፣ ቀጥለው እኔን አዩኝ። "ይታይሽ፣ ነይ" ብቻ አሉ። ልጅቷ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ተነሳች። አባቷ ለከብት ሣር ሊያጭዱ ሲወጡ ጎህ ሲቀድ አብራቸው መጥታ እዚያ ተቀምጣ ኖሯል። ደብተሯን ድንጋዩ ላይ ትታ እያለቀሰች ተከተለቻቸው።

ደብተሩን ገለጥኩት። የዚያን ቀኑ ገጽ ከላይ እስከ ታች የተጋደመ መስመር ነበር። አንድም ቀጥ ያለ የለበትም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ በኩል ቤታቸው ሄድኩ። "አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። እሸት እየፈለፈሉ ሰሙኝ።

"እኔም ይች ለኪ ናት ብዬ ነበር" አሉ። "ግን በሆዴ ነው ያልኩት። እርስዎ ግን እኔን የጠረጠሩትን በልጄ ፊት አወጡት። በሉ ነገ እዚያው ዋንዛው ሥር፣ ልጆቹ ባሉበት ይህንኑ ይንገሩልኝ። ልጅቱ ያኔውኑ ትመጣለች።"

"እሺ" ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ጥርጣሬዬ ተነሳ። ለምን በልጆቹ ፊት አሉኝ? ልጆቹ ለየቤታቸው ሊያወሩ፣ "መምህርቷ መዋሸቷን አመነች፤ ወፍ የምትቆጥረውም ለዚያው ነው" ሊባል? ወጥመድ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው ወጥመድ አልነበረም፤ በተማሪዎቼ ፊት ማነስ ፈርቼ ነው። ነገ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ።

ይታይሽ ተመልሳ አልመጣችም። ታኅሣሥ ላይ በደጃቸው ሳልፍ ታናሽ ወንድሟን አዝላ አገኘኋት። ሰላም ስላት ፊቷን አዞረች። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርኩ። ደብተሩ ግን እስካሁን እኔ ጋ ነው፤ መጣልም መስጠትም አልቻልኩም።

ለዚህ ነው ባለፈው ሳምንት "ሁላችንም እንቀመጥ፣ ዝም ብለን እንይ" ያልኩት። ዘበኛውንም አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ብዙ አልቆየንም። ቢጫው ወፍ መጣና ሦስተኛው ጎጆ ላይ ተንጠልጥሎ ሣሩን እየመዘዘ ይጥል ጀመር። ልጆቹ ጮኹ። ሽማግሌው ወደ ላይ አይተው መጥረጊያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

ወጣቷ አስተማሪ ፊቷ ቀልቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ውይ እትዬ፣ በኋላ በሩ ጋ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።"

"አሁን" አልኳት ክንዷን ይዤ። "እዚሁ፣ ልጆቹ ሳይነሱ።"